የክሪፕቶ ዋሌትን በብራውዘር ላይ በጥንቃቄ መጠቀም፦ ከመጫን እስከ መፈረም

በአዲስ አበባ መሃል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ቢሮዎችና ካፌዎች ውስጥ ለውጭ አገር ደንበኛ ፕሮግራም የሚጽፉ፣ ዲዛይን የሚሠሩ፣ ሰነድ የሚተረጉሙ ወጣቶች አሉ። አንዳንዶቹ ክፍያቸው በዩኤስዲቲ፣ ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እንዲስተካከል በተደረገው ክሪፕቶ፣ ይመጣላቸዋል። ሌሎች ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉት የቴሌግራም ሳንቲም መሰብሰቢያ ጨዋታዎች ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛመቱ ዋሌት ከፍተው እስከ ዛሬ ይዘውታል። በሁለቱም ወገን የማየው ጉድለት አንድ ነው። ዋሌት መክፈትን ተምረዋል፤ ሊፈርሙበት የቀረበላቸውን ነገር ማንበብን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ እንዲያነቡ ብፈልግም፣ አብዝቼ የማተኩረው ስለ ፊርማ በሚናገረው ክፍል ላይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሕጉ። በኢትዮጵያ ሕጋዊው መገበያያ ብር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቢትኮይንንና መሰሎቹን ለክፍያ መጠቀምን እንዳልፈቀደ አስታውቋል። ይህ መመሪያ ክሪፕቶን በብር ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ አያወራም፤ በእጅዎ ያለውን ከሌባ ስለ መጠበቅ ብቻ ነው። ከደንበኛዎ ጋር ከመዋዋልዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የባንኩን አዋጅና መመሪያ ራስዎ ያንብቡ። በቴሌግራም ቡድን የሚወራው «ተፈቅዷል» ወይም «ተከልክሏል» ማስረጃ አይሆንም።

ዋሌቱ የሚይዘው ምንድን ነው?

ሳንቲሞቹ ላፕቶፕዎ ውስጥ የሉም። ያሉት በብዙ አገሮች በሚገኙ ኮምፒውተሮች ላይ በእኩል በሚቀመጠው የሒሳብ መዝገብ፣ በብሎክቼይን ላይ ነው። እንደ ሜታማስክ ያለ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ የሚይዘው የግል ቁልፍዎን ነው፤ በዚያ ቁልፍ እየፈረሙ መዝገቡን ያዝዛሉ። ዋሌቱ ሲከፈት የሚሰጥዎት 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ብዙ ሰው ሲድ ፍሬዝ የሚላቸው፣ የቁልፎቹ ሁሉ ምንጭ ናቸው። እነዚህን ቃላት ያገኘ ሰው ላፕቶፕዎን ሳይነካ፣ የይለፍ ቃልዎን ሳያውቅ፣ ከሌላ አገር ሆኖ ገንዘቡን ያንቀሳቅሳል።

የይለፍ ቃሉ ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው። በዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ የተቆለፈውን ቁልፍ ይከፍታል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ቢረሱት በቃላቱ አማካይነት ዋሌቱን እንደገና ይከፍቱታል። ቃላቱ ጠፍተው ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ግን መታወቂያ ይዘው የሚሄዱበት ቅርንጫፍ፣ የሚያመለክቱበት ኃላፊ የለም።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩ

ዋሌት በኢንተርኔት ቤት፣ በቢሮ የጋራ ኮምፒውተር ወይም በጓደኛ ላፕቶፕ ላይ አይከፈትም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዙ፣ ሻጩ «ሁሉንም ጭኜልሃለሁ» ያለውን ዊንዶውስ አይመኑት። ዲስኩን አጥፍተው፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ባወረዱት ፋይል እንደ አዲስ ይጫኑት። በከተማችን በብዛት የሚዞረው ክራክ የተደረገ ኦፊስና ፎቶሾፕ ትልቅ አደጋ ነው፤ ፈቃዱን ለመስበር የሚጨመረው ፋይል በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትንና የዋሌት ፋይሎችን የሚሰርቅ ፕሮግራም ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የተመለሰ ፍላሽ ዲስክም ከዚህ ኮምፒውተር ጋር ባይገናኝ ይመረጣል።

ቀጥሎ ለዋሌቱ ብቻ የሚሆን የብራውዘር ፕሮፋይል ይክፈቱ። ክሮምም ሆነ ብሬቭ ወይም ፋየርፎክስ ይህን ይፈቅዳሉ። በዚህ ፕሮፋይል ላይ ከዋሌቱ በስተቀር ሌላ ኤክስቴንሽን አይጫን። ፊልም ማውረጃው፣ ጽሑፍ መተርጎሚያው፣ ማስታወቂያ ማገጃው በሌላኛው ይቆዩ። ብዙ ኤክስቴንሽኖች «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህ ማለት ስክሪንዎ ላይ የሚታየውን የመላኪያ አድራሻ ሊቀይሩት ይችላሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ መጫን

የዋሌቱን ስም ጉግል ላይ ፈልገው ከላይ የመጣውን አይጫኑ። ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፣ አጭበርባሪዎችም ይከፍላሉ። የሜታማስክ አድራሻ ሜታማስክ ነጥብ አይኦ (metamask.io) ነው፤ ፊደል በፊደል በአድራሻ መስመሩ ላይ ይጻፉት፣ ከዚያ ገጽ ላይ ያለው ማውረጃ ወደ ኤክስቴንሽን መደብሩ ይወስድዎታል። መደብሩ ላይ የሠሪውን ስምና የተጠቃሚውን ብዛት ይመልከቱ። በቴሌግራም የተላከልዎትን የመጫኛ ፋይል፣ የላከው ወንድምዎ ቢሆን እንኳ፣ አይክፈቱ። የእሱ አካውንት ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ቃላቱን መጻፍ

«አዲስ ዋሌት ፍጠር» የሚለውን ሲመርጡ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ረጅም ይሁን። ከዚያ ቃላቱ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ከኋላዎ ሰው ወይም ካሜራ የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሁኑ፤ ካፌ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በእጅዎ፣ በወረቀት፣ በተራ ቁጥራቸው ይጻፏቸው። ፎቶ አያንሱ፤ ስልክዎ ፎቶዎችን ሳያስታውቅዎ ወደ ጉግል ወይም ወደ አይክላውድ የሚልክ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ፣ በኢሜይል ረቂቅ፣ በኖት ውስጥ አያስቀምጡ። አታሚ አይጠቀሙ፣ አራት ኪሎ ካሉት ማተሚያ ቤቶች ደግሞ ፈጽሞ። የይለፍ ቃል ማስቀመጫ የሚሸጠው ላስትፓስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲጠለፍ፣ ቃላታቸውን እዚያ ያኖሩ ሰዎች ገንዘባቸው ከወራት በኋላ ሲወሰድ ታይቷል።

ለእኛ ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ነገር አለ። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፏቸው፣ በአማርኛ ፊደል አይገልብጧቸው። ዋሌቶች የሚጠቀሙበት ዝርዝር 2048 ቃላት አሉት። ከነዚህ ውስጥ «ቀኝ» የሚል ትርጉም ያለውም «መጻፍ» የሚል ትርጉም ያለውም ይገኛሉ፤ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ራይት» ሆነው ይቀራሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል?

ወረቀት በክረምት እርጥበት ይበላሻል፣ ቤት ሲቀየርም ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነዋሪዎች ሰፈር ለቀው ሲሄዱ ያየ ሰው፣ ዕቃ በችኮላ ሲነሳ አንድ ወረቀት ምን ያህል ዋስትና እንዳለው ይረዳል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይኑርዎት፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች፣ በታሸገ ፖስታ። መጠኑ ከፍ ያለ ገንዘብ ከሆነ የማይዝግ ብረት ጠፍጣፋ ይግዙና በመዶሻ በሚመቱ የብረት ፊደላት ራስዎ ይቅረጹት። የመርካቶ ባለሙያ ብረቱን ይቁረጥልዎት እንጂ ቃላቱን አይይ። በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ከሌላው የተለዩ ስለሆኑ፣ አራቱን ብቻ መቅረጽ ይበቃል።

አራተኛ፦ ገንዘብ ሳይገባበት መፈተን

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔ ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ዋሌቱ ባዶ ሳለ አድራሻውን፣ እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ገንዘብ የሚላክበትን፣ በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ ኤክስቴንሽኑን ከብራውዘሩ ያጥፉት። እንደገና ከትክክለኛው ገጽ ይጫኑት፣ «ያለኝን ዋሌት መልስ» የሚለውን ይምረጡ፣ ቃላቱን ከወረቀትዎ እያነበቡ በእጅዎ ይጻፉ። የወጣው አድራሻ ከጻፉት ጋር አንድ ከሆነ ወረቀትዎ ይሠራል። የመጨረሻው ቃል ከፊሉ ማረጋገጫ ስለሆነ ዋሌቱ የተሳሳተ ቃል ሲያገኝ ብዙ ጊዜ «ልክ አይደለም» ይልዎታል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ስለዚህ አድራሻውን ማስተያየት ግድ ነው።

ከዚህ ፈተና በኋላ ቃላቱን የሚጽፉበት ምክንያት አንድ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ኮምፒውተር ሲቀየር ወይም ሲበላሽ ዋሌቱን መመለስ። የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ ባይ፣ ሽልማት የሚሰጥ ገጽ፣ «ዋሌትዎን ያድሱ» የሚል ኢሜይል፣ ቃላቱን ከጠየቀ ሌባ ነው። ለዚህ ምንም ልዩ ሁኔታ የለም።

አምስተኛ፦ መቀበልና መላክ

ኢተሪየምና ትሮን ሁለት የተለያዩ ብሎክቼይኖች፣ ማለትም ኔትወርኮች፣ ናቸው። የኢተሪየም አድራሻ በዜሮና በኤክስ (0x) ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ 40 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት። የትሮን አድራሻ በቲ (T) ፊደል ይጀምራል፣ ቲን ጨምሮ በጠቅላላው 34 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት። ዩኤስዲቲ በሁለቱም ላይ፣ በሌሎች ኔትወርኮችም ላይ ስላለ፣ ደንበኛዎን «በየትኛው ኔትወርክ ነው የምትልክልኝ?» ብለው ሳይጠይቁ አድራሻ አይስጡ። ከመገበያያ ድርጅት፣ ክሪፕቶ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት ኩባንያ፣ አካውንት ጋር ሲላላኩ በማይደግፈው ኔትወርክ የተላከ ገንዘብ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። በኢተሪየም ላይ ዩኤስዲቲ ለመላክ ጥቂት ኢተር (የኢተሪየም የራሱ ሳንቲም)፣ በትሮን ላይ ደግሞ ጥቂት ትሮን ለኔትወርክ ክፍያ በዋሌቱ ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴተር ኩባንያ አድራሻን ማገድ ይችላል። ቁልፉ በእጅዎ መሆኑ ከዚህ አያድንም።

ሲልኩ ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ አነስተኛ የሙከራ መጠን ይላኩና ተቀባዩ መድረሱን እስኪነግርዎ ይጠብቁ። ሁለተኛ፣ አድራሻውን ከለጠፉ በኋላ ሙሉውን ከምንጩ ጋር ያስተያዩ፤ የተገለበጠውን አድራሻ በሌላ የሚተኩ ቫይረሶች አሉ። ሦስተኛ፣ አድራሻን ከቀድሞ ግብይቶች ዝርዝር ላይ በጭራሽ አይገልብጡ። አጭበርባሪዎች እርስዎ ከሚልኩለት ሰው አድራሻ ጋር መጀመሪያውና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ ያዘጋጁና ከዚያ ላይ ኢምንት መጠን ይልኩልዎታል፣ ዝርዝርዎ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ሰው በዚህ መንገድ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ንብረት ለሌባ ላከ። ከብዙ ድርድር በኋላ ሌባው አብዛኛውን መለሰ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው። ደጋግመው የሚልኩላቸውን አድራሻዎች አንድ ጊዜ አጣርተው በዋሌቱ የአድራሻ ማውጫ ውስጥ በስም ያስቀምጡ።

መብራት ወይም ኔትወርክ በመላክ ላይ ሳሉ ቢጠፋ አይደንግጡ፣ ደግመውም አይላኩ። ትእዛዙ ወጥቶ ከሆነ ያለ እርስዎ ኮምፒውተር ይፈጸማል። ኢንተርኔት ሲመለስ አድራሻዎን እንደ ኢተርስካን ባለ የመዝገብ ማሳያ ገጽ ላይ ፈልገው መሄድ አለመሄዱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ይወስኑ።

ስድስተኛ፦ መፈረም

ዋሌትን ከአንድ ድረ ገጽ ጋር ሲያገናኙ የሚመጡት መስኮቶች መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጉዳያቸው ግን የተለያየ ነው። በአራት እከፍላቸዋለሁ።

«ማገናኘት» ድረ ገጹ አድራሻዎንና ያለዎትን መጠን እንዲያይ ይፈቅዳል። በራሱ ገንዘብ አያወጣም።

«መላክ» ከአድራሻዎ ወደ ሌላ አድራሻ ንብረት ያንቀሳቅሳል። መጠኑንና ተቀባዩን ያያሉ።

«ፈቃድ መስጠት» እጅግ የሚያሳስበኝ ነው። እዚህ ላይ ምንም ገንዘብ ወዲያው አይወጣም፤ አንድ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም በብሎክቼይን ላይ ራሱን የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ወደፊት፣ እርስዎ ሳይጠየቁ፣ ከዋሌትዎ ውስጥ የተወሰነ ሳንቲም እንዲወስድ ያዝዛሉ። ብዙ ድረ ገጾች መጠኑን «ያልተገደበ» አድርገው ያቀርቡታል፣ ወይም በ1157 የሚጀምር እጅግ ረጅም ቁጥር ይታያል። ይህን ማጽደቅ ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ መስጠት ነው። ሜታማስክ መጠኑን እንዲያስተካክሉ ይፈቅዳል፤ 50 ዩኤስዲቲ ለመለወጥ ከሆነ የመጡት 50 ብለው ይጻፉ። ለዲጂታል ሥዕሎች «ለሁሉም ፈቃድ ስጥ» የሚል መስኮት ካዩ ደግሞ በዚያ ስብስብ ያለዎትን በሙሉ እያስረከቡ መሆኑን ይወቁ።

«መልእክት መፈረም» ክፍያ አይጠይቅም፣ ስለዚህም ሰው ይንቀዋል። አንዳንዱ በእርግጥም መግቢያ ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ፐርሚት የሚባለው ሲሆን ከላይ ያልኩትን ፈቃድ በፊርማ ብቻ ይሰጣል፤ የኔትወርኩን ክፍያ ሌባው ራሱ ይከፍላል። በመልእክቱ ውስጥ የሳንቲም ስም፣ መጠን፣ «ወጪ አድራጊ» የሚባል አድራሻና የማብቂያ ጊዜ ካዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ክምር ብቻ ከሆነ ደግሞ አይፈርሙ።

ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ። በአድራሻ መስመሩ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል እኔ ልሄድበት ያሰብኩት ነው? መስኮቱ የሚጠይቀኝ አሁን ላደርገው ካሰብኩት ጋር ይገጥማል? ዋሌቱ ከሚያሳየው የ«ይወጣል» እና «ይገባል» ግምት ላይ ያልጠበቅሁት ነገር አለ? አንዱ እንኳ ካጠራጠረዎ «አልቀበልም» ይበሉና ነገ ይመለሱ። የሚያቻኩል ሰዓት ቆጣሪ ያለበት ገጽ ካጋጠመዎ በዚያው ይዝጉት።

ትክክለኛ ድረ ገጽ መሆኑም ብቻውን በቂ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሌቦች ባጀር ዳኦ የተባለውን የክሪፕቶ አገልግሎት እውነተኛ ድረ ገጽ ሰብረው የፈቃድ መጠየቂያ ጨመሩበት፤ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወሰደ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ባይቢት የተባለው ትልቅ መገበያያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያጣው ፈራሚዎቹ በስክሪናቸው ላይ ያዩት ከፈረሙበት የተለየ ስለነበር ነው። እነዚያ ሙያቸው ይህ የሆነ ሰዎች ነበሩ።

ሰባተኛ፦ መለየት

ለዚህም ነው ያለዎትን ሁሉ በአንድ ዋሌት ላይ የማያስቀምጡት። ቢያንስ ሁለት ይኑርዎት። አንዱ የዕለት፣ ድረ ገጾች ላይ የሚገናኝ፣ ቢጠፋ ልብ የማይሰብር መጠን ያለው። ሌላው የቁጠባ፣ ከማንኛውም ድረ ገጽ ጋር የማይገናኝ። በአንድ ዋሌት ውስጥ ሁለት አካውንት መክፈት ይህን አይተካም፤ ሁለቱም ከአንድ የቃላት ስብስብ ስለሚወለዱ ቃላቱ ሲሰረቁ አብረው ይሄዳሉ።

ለቁጠባው እንደ ሌጀር ወይም ትሬዞር ያለ የሃርድዌር ዋሌት የተሻለ ነው። ቁልፉ ከመሣሪያው አይወጣም፤ ከብራውዘሩ ጋር ይገናኛል፣ የሚፈርሙት ግን በመሣሪያው ትንሽ ስክሪን ላይ አንብበው፣ አዝራሩን በእጅዎ ተጭነው ነው። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የትረስት ዋሌት የክሮም ኤክስቴንሽን 2.68 የተባለው እትም በመደብሩ በኩል ተበክሎ ወጥቶ ከተጠቃሚዎች 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰርቋል። ተጠቃሚዎቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም። መሣሪያውን ከአምራቹ ይግዙ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ በእሱ በኩል ያስመጡ። ቃላቱ ቀድመው የተጻፉበት ወረቀት ይዞ የሚመጣ መሣሪያ ወጥመድ ነው፤ ቃላቱ እርስዎ ሲከፍቱት በስክሪኑ ላይ መምጣት አለባቸው።

በየወሩ መጨረሻ ሪቮክ ነጥብ ካሽ (revoke.cash) በተባለው ገጽ ወይም በኢተርስካን የፈቃድ መመርመሪያ ላይ አድራሻዎን አስገብተው የሰጧቸውን ፈቃዶች ይመልከቱና የማይፈልጉትን ይሰርዙ። ስረዛ ጥቂት የኔትወርክ ክፍያ ያስከፍላል። በዋሌቱ ላይ «ግንኙነት አቋርጥ» ማለት ፈቃድን አይሰርዝም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ዋሌቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲቆልፍም በቅንብሩ ውስጥ ያዝዙት። ሳያውቁ የገቡልዎ ሳንቲሞች፣ በተለይ ስማቸው ድረ ገጽ የሆነ፣ አይነኩ፣ አይሸጡ።

ችግር ከተፈጠረ

የመጀመሪያው ሥራ የተሰረቀው ፊርማ ነው ወይስ ቃላቱ ብሎ መለየት ነው። ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያን ፈቃድ ወዲያውኑ ይሰርዙ፣ ወይም የተፈቀደውን ሳንቲም ወደ ሌላ አድራሻዎ ያውጡ። ቃላቱ ወጥተው ከሆነ ስረዛ አይጠቅምም። ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር፣ በአዲስ ቃላት አዲስ ዋሌት ይክፈቱና ዋጋው ከሚበልጠው ጀምረው ያሸጋግሩ። ለኔትወርክ ክፍያ ብለው ወደ ተሰረቀው ዋሌት ኢተር ከላኩ፣ የሌባው ፕሮግራም በሰከንዶች ውስጥ ሊወስደው ይችላል፤ ስለዚህ ውስጡ ባለው ይጀምሩ።

ከዚያ የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ አድራሻዎቹን፣ የድረ ገጹን ስምና የመልእክት ልውውጡን ያስቀምጡ፤ ምንም አያጥፉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትንና በኮምፒውተር ማጭበርበርን ወንጀል ያደርጋል፣ ማመልከቻዎን ለፖሊስ ሲያቀርቡ ይህን ሁሉ ይጠየቃሉ። ገንዘቡ ወደ ታወቀ መገበያያ ድርጅት መሄዱ በመዝገቡ ላይ ከታየ፣ ለድርጅቱ በዚያው ቀን ያሳውቁ። «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ቀብድ ላክ» የሚሉ ሰዎች በሰዓታት ውስጥ በቴሌግራም ይመጡብዎታል፤ መልስ አይስጡ።

በመጨረሻም የድሮውን አድራሻ ለሚያውቁ ደንበኞች ሁሉ አዲሱን ያስታውቁ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው ወር ክፍያ በቀጥታ ለሌባው ይገባል። ማስታወቂያውን በጽሑፍ ብቻ አይላኩ። በቪዲዮ ጥሪ ፊት ለፊት እየተያያችሁ፣ አድራሻውን እያነበቡ ደንበኛዎ ደግሞ እንዲያነብልዎ ያድርጉ።